ቡሬ የገባችበት ጉድጓድ

ሰሞኑን ሮቤ ላይ ለአዲስ ሕንፃ መሠረት በሚቆፈርበት ቦታ ሳልፍ የእርጥብ ጥቁር አፈር ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ የምሄድበትን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። በአሥራ አንድ ዓመቴ እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ እስከ ደረቴ ገብቼ ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ እኔንና ታናሽ እህቴን ያሳደገችን የላማችንን የቡሬን ወተት እየሸጠች ነው። በዚያ ክረምት ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና፣ በጓሯችን ለመጸዳጃ ቤት ተቆፍሮ ቆርቆሮ የተደፋበት ጉድጓድ አፉ ተናደ። ልትወልድ አንድ ወር የቀራት ቡሬ ገባችበት።

ጎረቤቱ ሁሉ ገመድ ይዞ ደረሰ። አሥር ያህል ጎረምሶች ወደ ላይ ሲጎትቷት ገመዱ አንቆ ምላሷን አስወጣት፤ ሲለቋት ደግሞ ጭቃው ውስጥ ይበልጥ ሰመጠች። ውሃው አፍንጫዋ ጋ ሲደርስ ማንም ሳይልከኝ ተንሸራትቼ ወረድኩና ጭንቅላቷን በትከሻዬ ደገፍኩ። መውጫ እንደሌለኝ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ግድግዳው በያዝኩት ቁጥር እጄ ላይ ይፈርሳል፤ ሰማዩ ከላዬ ሰፌድ አክሏል፤ እናቴ «ልጄን አውጡልኝ!» እያለች ትጮኻለች፤ የወረወሩልኝን ገመድ ልያዝ ብል ደግሞ የቡሬ ጭንቅላት ይሰምጣል።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን ጋሽ ከድር መጡ፤ አጋርፋ ከተማ መኪና ላይ እህል ሲጭኑ ኖረው ወገባቸው የጎበጠ ሰው ነበሩ።

«ገመዱን ተዉት» አሉ። «ያን ሁሉ ኩንታል ሽቅብ አንስቼ የጫንኩ ይመስላችኋል? ሳንቃ አጋድሜ ነው። መንገዱ ሲረዝም ሸክሙ ይቀላል። በጎን ዳገት አድርጋችሁ ቆፍሩ!»

«እስከዚያ ትሞታለች፣ ጋሽ ከድር» አለ አንዱ።

«የምትገድላትስ አንተ ነህ። አካፋ አምጣ!»

ስንት ሰዓት እንደቆፈሩ አላውቅም። አካፋው አፈሩን በመታ ቁጥር ግድግዳው በላያችን የሚናድ እየመሰለኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እግሬ ደነዘዘ። ጋሽ ከድር በጉድጓዱ አፍ አጎንብሰው «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ልጄ፤ ትንፋሿን አዳምጪ» ይሉኝ ነበር። አዳመጥኩ፤ ትንፋሿ እየሳሳ ነበር።

በመጨረሻ የአካፋ ጫፍ በጎኔ ብቅ አለ፤ ብርሃንም ተከተለው። የቤታችንን በር ነቅለው ጭቃው ላይ አነጠፉት። ጋሽ ከድር «ቢስሚላህ!» ሲሉ፣ አሥሩ ያቃታቸውን ላም አራት ሰዎች ከኋላ ገፏት፤ እየተንሸራተተች፣ እየተንበረከከች ወጣች። ገና ከመቆሟ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት የቀረበውን ጎረምሳ በእርግጫ መታችው። ከወር በኋላ ጥጃዋን በሰላም ወለደች።

በቀጣዩ ዓመት አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ስሎ፣ ዳገቱ በረዘመ ቁጥር የሚያስፈልገው ጉልበት ያንሳል ሲለን፣ ክፍሉ ሁሉ ሲጽፍ እኔ የጋሽ ከድርን ድምፅ እሰማ ነበር።

ዛሬ ሰፈራችን በብሎኬት ተከፋፍሎ፣ ከግንቡ ወዲያ ማን እንደሚኖር አላውቅም። ጋሽ ከድር ሲያርፉ እኔ ሌላ ከተማ ተማሪ ነበርኩ፤ እናቴ ከፈተናዬ እንዳልደናቀፍ ብላ አንድ ወር ደበቀችኝ። ያን ቀን ከጉድጓዱ ስወጣ በብርድና በለቅሶ እየተንቀጠቀጥኩ ስለነበር አላመሰገንኳቸውም። በኋላ እነግራቸዋለሁ እያልኩ፣ ስንት ዓመት በደጃቸው ተመላለስኩ።