የመርዶዬ ጠዋት በእስር ቤቱ መዝገብ

ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ሴትየዋ እኔ መሆኔን አላወቅኩም። ፀጉሯ ተበትኗል፣ ዓይኗ አብጧል፣ አረንጓዴ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ ግራጫ ግድግዳ ፊት ቆማለች። ከላይዋ የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ አለ፣ ከታችዋ የጥርስ ሐኪም። «ምስኪን፣ ምን ሆና ይሆን?» አልኩ፤ እውነቴን ነው። ሹራቡን ሳየው ነው ልቤ ድንግጥ ያለው። ያ ሹራብ እስከዛሬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ወደዚያ ገጽ የላከኝ ከዴንቨር የመጣ ደብዳቤ ነበር። አንድ ትልቅ ሆስፒታል በረዳት ነርስነት ተቀብሎኝ ነበር። ሎውሪ በሚባል የዴንቨር ሰፈር፣ በአንዲት ትንሽ የአረጋውያን ቤት ሰባት ዓመት ሽማግሌ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው፣ ያን ሥራ በህልሜም በእውኔም ስጠብቀው ኖሬያለሁ፤ እዚያ የገባ ሰው እየሠራ ነርሲንግ ይማራል። ደብዳቤው ታዲያ፣ ያለፈ ታሪክሽን ስናጣራ አንድ እስር ተገኝቷል፣ መዝገቡ መዘጋቱን የሚያሳይ ወረቀት በስድስት ሳምንት ውስጥ ካላመጣሽ ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን ይላል። እኔ እቴ! የምን እስር? ብዬ ሙሉ ስሜን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ነው ያ ፎቶ የወጣው፤ ሞክሼዬ መስላኝ ነበር፣ ሹራቡን ሳይ ግን የዛሬ ሰባት ዓመቱ ጠዋት ትዝ አለኝ።

ያን ጠዋት አሁንም ሳስበው የማየው በውሃ ውስጥ ይመስለኛል። ድምፅ የለውም፤ ሰዎቹ በቀስታ ይንቀሳቀሳሉ። ከዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ ጎህ ገና መቅደዱ ነው። በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው ስድስት ሰው ጥቁር ለብሶ ቆሟል። መርዶ ሲመጣ ታውቁታላችሁ፤ ሳይደውል፣ ሰብሰብ ብሎ፣ በጠዋት ነው የሚመጣው። ከፊት የቆሙት ጋሼ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው፣ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ እንደ አባት የሆኑኝ ሰው። አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። አባቴ ነው።

ሮጬ ወጣሁ። ፓርኪንጉ በረዶ ነበር፣ እኔ ደግሞ ባዶ እግሬን፤ ብርዱ ግን ትዝ አይለኝም። ደረቴን እየመታሁ «አባዬ! አባዬ!» እላለሁ። ከታች ያለው ጎረቤት ሰው የሚገደል መስሎት ፖሊስ ጠራ። አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን እጠራ ነበር። አንዲት ወጣት ፖሊስ መጥታ ክንዴን ስትይዘኝ ገፈተርኳት፤ ተንሸራታ ወደቀች። በቃ፣ ካቴና ገባልኝ። የእኛ ሰዎች ደግሞ ካቴናውን እያዩ «አይዞሽ፣ ጠንከር በይ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» ይሉኛል! የፖሊስ መኪና መስኮት ላይ ተደግፈው ለቅሶ የደረሱት ለኔ ብቻ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ተለቀቅኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ክሱ ተሰረዘ። ተሰረዘ ሲሉኝ የጠፋ መሰለኝ፤ ማን ጠይቆ ያውቃል? ክሱ ቢሰረዝም መዝገቡና ፎቶው ለካ እንደተከፈቱ ቆይተዋል። እስኪዘጉ ድረስ የፈለገ ሁሉ ያያቸዋል፣ የፈለገ ድረ ገጽም ይገለብጣቸዋል።

መዝገቡን መፈለጉ ራሱ አንድ ጣጣ ነበር። የፍርድ ቤቷ ጸሐፊ በአባቴ ስም ብትፈልግ የለም። በኔ ስም ብትፈልግ የለም። ሦስተኛ ላይ በአያቴ ስም ወጣሁ፤ ፓስፖርቴ ላይ መጨረሻ ያለው የሳቸው ስም ነዋ። አያቴ ከወረዳቸው ወጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ኮሎራዶ መጥተው በእስር ቤት መዝገብ ላይ ሰፈሩ። ሳቄ መጣ። ጸሐፊዋም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራኝ ሳቀች።

ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ የሚያማክሩ ጠበቆች ነበሩ። አንዷ መዝገቡ እንዲዘጋ የሚጠይቀውን ቅጽ ሞላችልኝና «መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት የፖሊሱን ሪፖርት ኮፒ ውሰጂ፣ ከተዘጋ በኋላ ላንቺም ያስቸግርሻል» አለችኝ። ወሰድኩ። ሎውሪ ላይ፣ ከሥራ ቦታዬ ፊት ለፊት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ አነበብኩት። ሰኔ ነበር፤ እዚህ አገር ዛፎቹ የሚያራግፉት ጥጥ ከየቦታው እየተነሳ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፣ በተከፈተው መስኮት ገብቶ ጭኔ ላይ ያርፋል። ሁሉም ነገር ነጭና ዝግ ያለ ነበር።

ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ነው። አንደኛው የኔን ጥፋት ይዘረዝራል። ሁለተኛው ላይ ጋሼ የሰጡት ቃል አለ፣ በፖሊስ እንግሊዝኛ፣ ደረቅ ተደርጎ፤ ሴትየዋ አልጠጣችም፣ የአባቷን ሞት ነግረናት ነው፣ አባቷ የሞተው ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው፣ ፈተና ስለነበረባት ደብቀናት ነበር።

ደግሜ አነበብኩት። አሥራ ዘጠኝ ቀን። ለኔ የተነገረኝ «ከትናንት ወዲያ አረፉ» ተብሎ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ዳቦ ይዤ የሄድኩት በተሳሳተ ቀን ነው ማለት ነው። እሱስ ይሁን፤ እግዚአብሔር ቀን አይቆጥርብኝም። የገደለኝ ሌላው ነው።

የረዳት ነርስነት ፈተናዬን ያለፍኩት ከመርዶው ስምንት ቀን በፊት ነበር። ያን ቀን ለአባቴ በስልክ ድምፄን ቀድቼ ላክሁለት፤ «አባዬ አልፌያለሁ! አልፌያለሁ!» እያልኩ። በማግስቱ አገር ቤት ያለው ወንድሜ መለሰልኝ። «ጉሮሮውን አሞት ነው፣ እኔ ልንገርሽ» አለኝ፤ «ሰምቶሻል። እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን፣ የደከመው ይነሳልሽ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ ብሎ መርቆሻል።» ስልኩን ይዤ አሜን አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጓንቴን ከማጥለቄ በፊት ያን ምርቃት በልቤ ብዬ፣ አሜን ብዬ ነው ሥራ የምጀምረው። እና ያን ቀን አባቴ ከተቀበረ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል! የሞተ ሰው እንዴት ይመርቃል? መኪናዬ ውስጥ እንደ እብድ ጮህኩ። እንደገና ፖሊስ አለመጠራቱ ነው የሚገርመው።

ቁጡ ነኝ፣ አልዋሽም። ለወንድሜ ብደውል ዋሽቶ ያስታርቀኛል ብዬ ተውኩት። ጋሼ ሲደውሉ ሦስት ሳምንት ስልክ አላነሳሁላቸውም። ዳኛዋ የመዝጊያውን ትእዛዝ በፈረመች ጊዜ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሰው ሰምተው በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«እኔ ነኝ እዚያ መዝገብ ላይ ያስገባሁሽ፣ እኔው አብሬሽ ሄጄ አስወጣሻለሁ» አሉ። በትራቸውን ይዘዋል፣ ከረባት አስረዋል። ሽማግሌ በር ላይ አይመለስም፤ መኪናዬ ላይ አሳፈርኳቸው።

ትእዛዙ በእጅ ካልደረሰ አይሠራም። ኮፒውን ለፖሊሱም፣ ለድረ ገጹም፣ ለሌላውም አድርሼ የቀረችኝ አንዲት መስኮት ናት፤ ፎቶውን ያነሳኝ የወረዳው እስር ቤት። እዚያ ማኅተም ተመትቶልኝ ወረቀቱን ያኑ ዕለት ለሆስፒታሉ ካልላክሁ፣ ስድስቱ ሳምንት አለቀ። ስንደርስ መስኮቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ሞተሩን አጠፋሁ። ወረቀቱ ጭኔ ላይ ነው፣ ግን አልወረድኩም። በዓለም ላይ እውነቱን የነገረኝ ያ መዝገብ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ላስዘጋው ነው።

«ጋሼ፣ አባቴ የሞተው መቼ ነው?» አልኳቸው።

ወደ ተራሮቹ አዩ። ተራሮቹ በጭጋግ ውስጥ አሉም የሉም።

«አወቅሽው?» አሉ።

«እርስዎ ለፖሊስ ነግረዋል። ለኔ ሲሆን ነው አፍዎ የተያዘው?»

«ፈተናሽን እስክትጨርሺ ነበር የተባለው። ከዚያ ደግሞ ሰው ሁሉ ፈረቃው አይገናኝም፤ አንዱ አየር ማረፊያ፣ አንዷ ሆስፒታል፣ አንዱ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን። ስድስት ሰው ባንድ ቀን ከሥራ ኦፍ እስኪሆን ጠበቅን። መርዶ ባንድ ሰው አይነገርም ብዬ እኔ ነኝ ያዘገየሁት።»

«ታዲያ ማነው የመረቀኝ?»

ኮፍያቸውን አስተካከሉ። መስኮቱ ጋ አንዲት ሴት ወጥታ ሰዓቷን አይታ ተመልሳ ገባች። እሳቸው ግን አልቸኮሉም።

«ወንድምሽ ስልክ ደውሎልኝ አለቀሰ» አሉ በመጨረሻ። «አልፌያለሁ እያለች ነው፣ ምን ልበላት? አለኝ። የሞተ ሰው ምርቃት መፍጠር ነውር ነው፣ አውቃለሁ። አባትሽንም አላውቃቸውም፤ ምን ብለው እንደሚመርቁ በምን አውቃለሁ? ልጅ ቢኖረኝ የምላትን አልኩት።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ለቅሶ ነው። እንዲያ አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ጠዋት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። እሳቸው መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለኔ ይስጡት ራሳቸው ይጥረጉበት ጨነቃቸው።

«ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

«ምኑን ልጄ?»

«ምርቃቱን። ከራስዎ አፍ ልስማው።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሉት፤ አንዲት ቃል አልረሱም። ሰባት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አሜን የምለው ለኚህ ሰው ኖሯል።

«አሜን፣ አባዬ» አልኳቸውና፣ ወረቀቱን ይዤ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።