ኦርጅናሉ ካዝና

ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር በረሃ ወርዳ በመጫወቻ ጠመንጃ ትታኮሳለች። ኤርሶፍት ይሉታል። ጠመንጃው ቁርጥ እውነተኛውን ይመስላል፤ የሚተፋው ግን አተር የምታህል የፕላስቲክ ፍሬ ነው። እኔ ነገሩን ለዓመታት ጠምጄው ኖሬያለሁ። «ሰው ወዳጁ ላይ ይተኩሳል እንዴ?» ስላት ትስቅብኛለች። ነይ ባለችኝ ቁጥር «ሺፍት አለብኝ» እላለሁ። ካዚኖ ውስጥ ካርታ የማድል ዲለር ስለሆንኩ ሺፍት መቼም አይጠፋም።

ከዚያ ሌላ ስቴት ሥራ አገኘች። ሻንጣዋን መሸከፍ የጀመረች ዕለት፣ «ማሚ፣ ይሄ ላስት ጌም ነው። አንዴ ብቻ ከኔ ጋር ፕሌይ አድርጊ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ለካ ልትሄድብኝ ነው። የድሮ ጠመንጃዋን አወጣችልኝ። ፍሬው የሚጠራቀምበት ካዝናው ግን አፉ ተሰንጥቆ ነበር። «ኦርደር አደርጋለሁ» ስትል «ተይው፣ እኔ እገዛለሁ» አልኳት። ዕቃ መምረጥ መቼ ያቅተኛል!

ከሥራ ስወጣ መንገዴ ላይ ካለው የጠመንጃ መደብር ጎራ አልኩና ለሻጩ ፎቶውን በስልኬ አሳየሁት። «የዚህን ካዝና፣ ኦርጅናሉን» አልኩት። እኛ እኮ ተመሳስሎ የተሠራ ነገር አንወድም። የስልክ ቻርጀር ይሁን የመኪና ፍሬን ሸራ፣ ሻጩን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ኦርጅናል ነው?» ብለን ነው። አገር ቀየርን እንጂ ጥያቄውን አልቀየርንም። ከበድ ያለ የሚያምር ብረት ተሸክሜ ማውንተንስ ኤጅ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን በኩራት ገባሁ።

ልጄ ገና ስታየው ሶፋው ላይ በሳቅ ተደፋች። «ማሚ! ይሄ እኮ የሪል ገን ነው!»

«ታዲያስ! ኦርጅናል ነው።»

«ኖ፣ ማሚ። ለዚህ ገን ኦርጅናሉ ፌኩ ነው።»

ብናስገባው ግማሽ መንገድ ሄዶ ተቀረቀረ። ቢገባም ለእውነተኛ ጥይት የተሠራ ስለሆነ የፕላስቲክ ፍሬ አይገፋም። አሁን ኦርደር ቢደረግ ደግሞ ለቅዳሜ አይደርስም። ልጄ የሳቅ እንባዋን ጠርጋ፣ «ኢትስ ኦኬ። አንቺ ቼር ላይ ቁጭ ብለሽ ፎቶ ታነሺኛለሽ» አለችኝ።

ፎቶ! ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት እምቢ ስል ኖሬ፣ እሺ ባልኩ ማግስት ወንበር ይዘጋጅልኝ? የመጨረሻ ጨዋታዋን ከዳር ሆኜ ልይ? አላደርገውም አልኩ።

በማግስቱ ሥራ ሳልገባ ጠመንጃውን በቦርሳው፣ የተሰነጠቀውን ካዝና በእጄ ይዤ የመጫወቻ ጠመንጃ መሸጫ ሄድኩ። መርካቶ መለዋወጫ ሲገዛ አሮጌው ዕቃ ተይዞ ነው የሚኬደው፤ ባለሱቁ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያስተያያል። እኔ ይህን እያወቅኩ በፎቶ ልገዛ መሄዴ!

ሻጩ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጽሑፉ ተፍቋል። «ካዝናዎቹ መልካቸው አንድ ነው፣ ግን እርስ በርስ አይስማሙም» አለኝ። «እንግዲያው ሁሉንም አውጣልኝ» አልኩት። አንዱ አልገባም። ሌላው ገባና ሲነቀነቅ ወደቀ። በመጨረሻ አንዱ ቀጭ ብሎ ያዘ። ልቤ ዘለለ። መሞከሪያው ጋ ወስደን ቃታውን ስስብ ግን ትንሽ ተፋና ከዚያ ባዶ አየር ብቻ ሆነ።

ካርታ ሲያድሉ የኖሩ ጣቶች ትንሽ ክፍተት አያመልጣቸውም። አዲሱን ካዝና ከአሮጌው ጋር አስተያየሁት። የጠመንጃው ጥርስ የሚይዝበት ቀዳዳ አሮጌው ላይ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አሮጌው ወደ ላይ ጠጋ ብሎ ነበር የሚቀመጠው፤ አዲሱ በጥቂቱ ወርዶ ይንጠለጠላል። ለሻጩ አሳየሁት። ሳቅ አለና ጥቁር ናስትሮ አመጣ፤ ቆርጠን የቀዳዳው የላይኛው ጠርዝ ላይ ደራርበን ለጠፍን። እንደገና ተኮስኩ። ፍሬው ሳይቋረጥ ተንደቀደቀ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ለልጄ ትንፍሽ አላልኩም፤ «ባይተኩስም ይዤው እገባለሁ» ብቻ አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ሜዳው ላይ ደረስን። በደንቡ የተመታ ሰው ማንም ሳያስገድደው ራሱ እጁን አንስቶ ይወጣል። ቡድን ሲከፈል ለእኔ የልጄ ተቃራኒ ቡድን ደረሰኝ። «ዶንት ዎሪ ማሚ፣ ቶሎ አወጣሻለሁ፤ ከዛ ሬስት ታደርጊያለሽ» አለችኝ። ካዝናው እንደማይሠራ እርግጠኛ ነበረች።

ከአሮጌ በርሜል ጀርባ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ጮኸ፣ መነጽሬን ላብ አለበሰው። ልጄ ሳትደበቅ፣ እየሳቀች፣ ልክ ሕፃን ሆና ስትሮጥልኝ እንደነበረው ወደ እኔ መጣች። አንድ አፍታ ጠመንጃውን ዝቅ አደረግኩ። ከዚያ ያ ወንበር ትዝ አለኝና ቃታውን ሳብኩ።

«ሂት! ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ መታችኝ!» ሜዳው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። እጇን አንስታ ቆማ ካዝናውን፣ ናስትሮውን፣ እኔን እያፈራረቀች ታያለች። ሮጣ አቀፈችኝ፤ ጠመንጃው መሃላችን ተቀረቀረ። እንባዬን አልደበቅኩም፤ እሷም አልደበቀችም።

ጨዋታው ግን አላለቀም፤ የተመታ ሰው ይወጣል። ዳር ያለውን ወንበር በአገጬ አሳየኋት።

«በይ እመቤት» አልኳት፣ «ቁጭ በይና ፎቶ አንሺኝ።»