የዮርድብሩ ጨዋታ ያልተላለፈበት ቅዳሜ

አቶ ወንድይራድ በስቶክሆልም ዳርቻ፣ በቬሊንግቢ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ የአፈር ምርምር ባለሙያ ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ ስቶክሆልም መጡ፤ እዚያው ሥራ ያዙ፤ ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው አርፈዋል። ልጃቸው በሌላ ከተማ፣ ዮተቦሪ፣ ይኖራል፤ የሚደውለው በዓመት በዓል ነው። አቶ ወንድይራድ ጨዋ ሰው ናቸው። ይህን የምጽፈው ለማሞገስ አይደለም፤ ጨዋነታቸው ምን እንዳደረገ ለመናገር ነው።

ከሥራ ከተሰናበቱ ወዲህ ኑሯቸው የቆመው በሳምንት አንዲት ሰዓት ላይ ነበር። ሱንድቢበሪ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት፣ የአማርኛ የሬዲዮ ፕሮግራም ያዘጋጃሉ። ማሠራጫውን ብዙ ማኅበራት በየተራ ይጠቀሙበታል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከፊንላንዶቹ ቀጥሎና ከቺሊዎቹ በፊት ያለችው ሰዓት የኢትዮጵያውያኑ ናት። ቀድሞ በስቱዲዮው ከሰው ብዛት ወንበር ይጠፋ ነበር። አሁን ዜና አንባቢውም፣ ሙዚቃ መራጩም፣ በር ከፋቹም እርሳቸው ብቻ ናቸው። አድማጩ አርጅቷል፤ ልጆቹ ጆሯቸው ስልካቸው ላይ ነው። ማኅበሩም ሂራውን፣ የስቱዲዮውን ኪራይ ማለት ነው፣ መክፈል ስላቃተው መስከረም ሳይጠባ ክፍሉን እንዲለቅ ተነግሮታል። ያች ሰዓት ከጠፋች አቶ ወንድይራድን ከሳምንት እስከ ሳምንት የሚሰማቸው ሰው አይኖርም። እርሳቸው ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ «ለማኅበረሰቡ ሲባል» ይሉ ነበር።

ተስፋው የመጣው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። በከተማዋ ደቡብ፣ ዮርድብሩ ውስጥ፣ «አጋዘኖቹ» የሚባል፣ ኳስ በዱላ የሚመታበት የቤዝቦል ጨዋታ ክለብ አለ። በታዳጊ ቡድኑ የኢትዮጵያውያን ልጆች በርክተዋል፤ ወላጆቻቸው ግን ጨዋታው ስለማይገባቸው ሜዳውን ረግጠውት አያውቁም። የክለቡ ሊቀ መንበር፣ ሌና የተባለች ስዊድናዊት፣ ጨዋታው በአማርኛ ቢተላለፍ ወላጆቹ ሬዲዮአቸውን ይዘው ይመጣሉ ብላ አሰበች። ውሉ ቀላል ነበር፤ ክለቡ ኪራዩን ይጋራል፣ ሬዲዮው በየቅዳሜው ጨዋታውን በቀጥታ ያስተላልፋል። አስቀድሞ አንድ ጨዋታ ለሙከራ ይተላለፍና ፊርማው ይከተላል ተባለ።

ሁለቱን ወገኖች ያገናኘቻቸው ያኔት ናት። በልጅነቷ ለክለቡ ተጫውታለች፤ አሁን በፊዚዮቴራፒስትነት እየሠራች ታዳጊዎቹን ታሠለጥናለች። እናቷ ሞተዋል፤ አባቷ አቶ መሸሻ በስተርጅና ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። አብሮ አደጎቿ በአማርኛ ሲጠየቁ በስዊድንኛ ይመልሳሉ። እርሷ ግን በየእሑዱ ከአባቷ ጋር በስልክ ስታወራ አማርኛዋን አላስነጠቀችም። ጨዋታውን የምታስተላልፈው እርሷ ነበረች፤ ስለዚህ ከሥራ ስትወጣ ሱንድቢበሪ እየመጣች ከአቶ ወንድይራድ ጋር ለጨዋታው ቃል ትፈልግ ነበር።

«ጋሼ፣ የሚወረውረው ወርዋሪ፣ የሚመታው መቺ፣ ከኋላ የሚይዘው ቀላቢ። ይኼ ቀላል ነው። ቤዝ መስረቅን ግን ምን እንበለው?»

«መስረቅ ስትይ?»

«ወርዋሪው ሳያይ ሮጦ የሚቀጥለውን ቦታ መያዝ።»

«ተፈቅዷል?»

«ካልተያዘ ተፈቅዷል።»

«እንግዲያው ሹመት እንበለዋ!»

ያኔት ከወንበሯ እስክትንሸራተት ሳቀች። «ይኼን በአየር ላይ ቢሉት ስንቱ ይደውልብዎታል!»

«ይደውሉ እንጂ! ማን አስደወለልኝ?»

በእነዚያ ሳምንታት አቶ ወንድይራድ ጢማቸውን በየቀኑ መላጨት ጀምረው ነበር።

ከሙከራው ጨዋታ በፊት በነበረው ዓርብ፣ ረፋድ ላይ፣ ወይዘሮ ሸዋሉል ደወሉ። የያኔት አክስት፣ የአባቷ ታላቅ እኅት ናቸው።

«ጋሽ ወንድይራድ፣ ብቻዎን ነዎት?»

«ምን ጊዜ ሰው ኖሮኝ ያውቃል? ይናገሩ።»

«ወንድሜ መሸሻ ዛሬ ንጋት ላይ ዐረፈ። ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«ነፍስ ይማር! ያኔት ሰማች?»

«ምን ነካዎት! ብቻዋን የምትኖር ልጅ በስልክ ይነገራታል? እሑድ ማለዳ ሰብሰብ ብለን እንሄዳለን። የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።»

«ዛሬ ብንሄድስ?»

«ከማን ጋር? ሰዉ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ሁለት ሆነን ነው መርዶ የምንሄደው? እስከዚያው አደራ፣ ከአፍዎ እንዳይወጣ።»

መርዶን ማለዳ፣ በሰው መካከል መንገር የቆየ ጥበብ ነው፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲያገኝ የተደረገ ነው። በስቶክሆልም ግን ቀኑን የሚቆርጠው የሥራ ፈረቃ ሆኗል፤ የዓርብ ማታ አውሮፕላን ደግሞ ፈረቃ አይጠብቅም። ያኔት ያን ረፋድ ብትሰማ ለአባቷ ቀብር ትደርስ ነበር። አቶ ወንድይራድ ይህን ያውቁ ነበር። አሰቡት፤ ዝም አሉ።

አንድ ነገር ግን አላስቀምጥ አላቸው። አቶ መሸሻ አፈር በሚለብሱበት ሰዓት ልጃቸው በሬዲዮ እየሳቀች ልትጮህ ነው። መሞታቸውን የሰሙ ሁሉ ያዳምጧታል። ነገ ከነገ ወዲያ ምን ይባላል? ለእርሷ አዝነዋል፤ ይህ እውነት ነው። «ወንድይራድ እያወቀ አስቦረቃት» መባሉንም ፈርተዋል፤ ይህም እውነት ነው። ስልኩን አነሡ።

«ያኔት፣ ማሠራጫው ተበላሽቷል። የነገው ይቅር።»

«እንዴት? ጋሼ፣ ወላጆቹ ሁሉ ሬዲዮ ይዘው ይመጣሉ እኮ! ባለሙያ ላፈላልግ?»

«ተይው፤ ከባድ ብልሽት ነው።»

«እሺ… እርስዎ ግን ደኅና ነዎት? ድምፅዎ ልክ አይደለም።»

«ደኅና ነኝ፣ ልጄ።»

ቅዳሜ ወላጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሜዳው መጡ፤ የብልሽቱ ወሬ ለብዙዎቹ አልደረሰም ነበር። ሌና ምናልባት ይስተካከል ይሆናል ብላ የሜዳውን ድምፅ ማጉያ ከሬዲዮ ጋር አገናኘች። የፊንላንዶቹ ፕሮግራም ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ ያች ሰዓት በጸጥታ አለፈች። ጸጥታው ሲያበቃ የቺሊዎቹ ጊታር ሜዳውን ሞላው። አብዛኞቹ ወላጆች ግን ያን ጊዜ ሄደው ነበር፤ ሬዲዮአቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጥቂት ጠበቁና አንድ በአንድ ተነሡ። ያኔት እስከ መጨረሻው በአጥሩ ዳር እየተመላለሰች ለቀሩት ጥቂቶች በባዶ ድምፅዋ ታስረዳ ነበር፤ ትጮኻለች፣ ትስቃለች፣ ታጨበጭባለች። አባቷ የተቀበሩት በዚያው ሰዓት ነው። ውሸቱ ሊከላከልላት የፈለገውን ነገር እንኳ አልተከላከለላትም።

እሑድ ማለዳ መርዶው ተነገረ። የተናገሩት አቶ ወንድይራድ ናቸው። ያኔት ወለሉ ላይ ተቀምጣ «መቼ ነው የሰማችሁት?» ስትል «ትናንት ማታ» አሏት።

በሳምንቱ አጋማሽ ሌና በዮርድብሩ የክለቡ ቤት ስብሰባ ጠራች። ያኔት ከለቅሶ ቤት ተነሥታ ጥቁር ለብሳ መጣች። «ጋሼ ብቻቸውን ሊጠየቁ አይገባም» ብላ ነበር።

ሌና ቁጣ አላሳየችም። «ወንድይራድ፣ ማሠራጫው ደኅና እንደነበር ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናል» አለች። «እኛም ጨዋታ የምንሰርዝበት ጊዜ አለ። ምክንያት ካለህ ምክንያቱን ንገረኝና ዛሬውኑ እንፈራረም። ምን ሆኖ ነው?»

ያኔት ቀደመች። «እሳቸው አይዋሹም። ብልሽት ነው ካሉ ብልሽት ነው።»

ሬዲዮውን የሚያድነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አባቷ መሞታቸውን ዓርብ ሰምቼ ነበር፣ የሚል። ነገር ግን ከሁሉ በፊት ሊሰማው ይገባ የነበረው ጆሮ፣ የያኔት፣ ከጎናቸው ተቀምጧል። አቶ ወንድይራድ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «ማሠራጫው ተበላሽቶ ነው» አሉ።

የቀደሙትን ውሸቶች ከአክስቲቱና ከልማዱ ጋር ሊካፈሏቸው ይችሉ ይሆናል። ይህኛው የብቻቸው ነው። ሌና ወረቀቶቿን ሰበሰበች። «እንግዲያው አብረን መሥራት አንችልም» አለች። ያኔት ባቡር ጣቢያ ድረስ ክንዳቸውን ይዛ ሸኘቻቸው። «አይዘኑ፣ ጋሼ። ሌላ ክለብ እንፈልጋለን» ትላቸው ነበር፤ አባቷን ያልቀበረችው ልጅ።

እውነቱን ያወጣው ምስጋና ነው። በለቅሶው ቤት ወይዘሮ ሸዋሉል ለጠያቂዎች ሲያጫውቱ «ጋሽ ወንድይራድ የዋዛ ሰው መሰላችሁ? ዓርብ ነግሬያቸው እስከ እሑድ ትንፍሽ ሳይሉ! የሬዲዮውንም ጭፈራ የሰረዙት ለክብራችን ብለው ነው!» አሉ። ያኔት ውኃ ይዛ እያለፈች ነበር።

ቅዳሜ ወደ ሱንድቢበሪ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ዓርብ?»

«ዓርብ።»

«ማታ አውሮፕላን ነበር።»

«ዐውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለን ነው፣ ልጄ።»

«አሁንስ ከማን ጋር ነኝ? ሌና ፊት ማልኩልዎት እኮ፣ ጋሼ። እዚያው ቢናገሩት እሸከመው ነበር። አልቅሼ፣ እጄን ሰጥቼዎት እሸከመው ነበር።»

 ፊንላንዶቹ እየጨረሱ ነበርና የሥርጭቱ ቀይ መብራት በራ፤ ያኔት በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። እርሳቸው ዜና አነበቡ።

ሰኞ ለሌና ደወሉና ሁሉንም ተናገሩ።  «ዓርብ ብትነግረኝ ጨዋታውን ለሌላ ቀን አዛውረው ነበር» አለች ሌና። «ያኔትንም እኔው አውሮፕላን ጣቢያ አደርሳት ነበር። ቀላል ነገር ነበር እኮ።» ክለቡ ጨዋታዎቹን በስዊድንኛ በኢንተርኔት ማስተላለፍ ጀምሯል አለች፤ አሁን ተመልሶ የሚሆን ነገር የለም። አቶ ወንድይራድ በዚህ አገር አርጅተዋል፤ የአገሬውን አፈር በሙያቸው መርምረዋል። የአገሬው ሰው ሐዘን ሊገባው እንደሚችል ግን አልጠረጠሩም ነበር።

ስቱዲዮው ነሐሴ ላይ ተለቀቀ፤ ሰዓቷም ለሌላ ማኅበር ተሰጠች። በመጨረሻው ፕሮግራም አድማጮቻቸውን አመስግነው ስልክ ቁጥራቸውን ነገሩ። የደወለ አልነበረም።

ያኔት ለአባቷ ተዝካር ሄዳ እንደተመለሰች ሲሰሙ፣ ኩሽናቸው ውስጥ ተቀምጠው ደወሉላት። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ያኔት፣ እንዴት ነሽ ልጄ?» አሉ።

ያኔት በስዊድንኛ መለሰች። ደኅና መሆኗን፣ ጉዞው መልካም እንደነበር፣ ሥራ እንደሚጠብቃት ነገረቻቸው። ድምፅዋ ትሑት ነበር፤ አንዳች የሚነቀፍ ነገር አልነበረበትም። አቶ ወንድይራድ አንድ ጊዜ እንደገና በአማርኛ ሞከሩ፤ እርሷም እንደገና በስዊድንኛ መለሰች። ከዚያ በኋላ እርሳቸውም በስዊድንኛ ስለ አየሩ ጠየቋት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቋት፣ መልካም ቀን ተመኝተውላት ስልኩን ዘጉ።