ማታ ማታ የሚያስተምሩ ጠበቆች

ጵርስቅላ ሆሳዕና ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት ሠርታለች። በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ግን ዲኑ የእህቱን ልጅ እሷ ቦታ ማስቀመጥ አማረውና በሁለት መስመር ደብዳቤ አሰናበታት። ምክንያቱ «ለሥራ አመቺነት» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ የተየበችው የእህቱ ልጅም አታውቅም።

ወደ ሥራ ለመመለስ ለሚከስ ሰው ሕጉ የሚሰጠው ሦስት ወር ነው። ጵርስቅላ ይህን የሰማችው ሁለት ወር ተኩሉን ዲኑ ዘንድ ሽማግሌ በመላክ ከፈጀች በኋላ ነው። እየሮጠች ጠበቃ ኤርሚያስ ቢሮ ገባች። እሱ የኮሌጁን ስም ሲሰማ እስክሪብቶውን ከደነ።

«እህቴ፣ እኔ ማታ ማታ እዚያ አስተምራለሁ።»

ሁለተኛውም ማታ ማታ እዚያ ያስተምራል። ሦስተኛው እንኳ ቅዳሜና እሑድ ነው።

«ታዲያ እዚህ ከተማ የተባረረ ሰው ለማን ይንገር?»

«ለእግዚአብሔር» አላት ሦስተኛው፤ የምክር አምሳ ብሩን ግን እግዚአብሔር አልወሰደውም።

አክስቷ ዓለሚቱ፣ «ሾኔ ሂጂ። ወልደኪዳን የሚባሉ የድሮ ዳኛ አሉ፤ አሁን ጠበቃ ናቸው። ከሰው አይስማሙም፤ ላንቺ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው» አለቻት።

መናኸሪያ ውስጥ «አንድ ሰው ብቻ!» የሚለው ረዳት ሰባት ሰው እስኪጭን ጠብቃ ሾኔ ደረሰች። ጋሽ ወልደኪዳን ነገሩን ሰምተው ሳቁ።

«እኔም እዚያ አስተምሬ ነበር። ክፍሉን በሙሉ ብጥል ጊዜ አባረሩኝ። ለሌላው ሁለት ሺህ ነው፤ ላንቺ አንድ ሺህ። አሁኑኑ።»

«ጋሼ፣ ደሞዜ አራት መቶ ነበር እኮ!»

«ለዚህ ነዋ የቀነስኩት!»

ያላት እቁብ ብቻ ነው። የእቁቡ ዳኛ ደግሞ እትዬ ፀሐይ ናት፤ የኮሌጁ ገንዘብ ያዥ! ለጠበቃ ነው ብትላት ወሬው ወዲያው ዲኑ ጆሮ ይገባል። ስለዚህ «ላገባ ነው» አለቻት። እትዬ ፀሐይ እልልታውን አቀለጠችው፤ የዚያ እሑድ ዕጣ ሳይወጣ ለሙሽራዋ ተሰጠ። ክሱም ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ገባ።

በቀጠሮው ቀን ኤርሚያስ ለኮሌጁ ቆሟል። «ከሳሽ ልታገባ ስለነበር ስንብቱን የጠየቀችው ራሷ ናት» አለና እትዬ ፀሐይን በምስክርነት አቀረበ።

ጋሽ ወልደኪዳን ወደ ጵርስቅላ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ሙሽራው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት! እቁቡን የበሉት እርስዎ አይደሉ?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ተነሡ።

«ወይዘሮ ፀሐይ፣ ጥቅምት ላይ ስለ ሰርግ ሰምተዋል?»

እትዬ ፀሐይ የምታውቀው ወሬ አፏ ውስጥ አያድርም። «ጥቅምት ላይማ ምን ሰርግ አለ! ዲኑ የእህቱን ልጅ ሊያስገባ ሲያባርራት እኔ ቢሮ መጥታ ስታነባ አልነበር? ስንት ሶፍት ጨረሰችብኝ!»

ኤርሚያስ ዐይኑን ጨፈነ። ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራዋ ትመለስ አለ።

ጵርስቅላ እልልም አላለች፣ አላለቀሰችም። «ይኼን ለማስወራት ነው እስከ ሾኔ የተንከራተትኩት? እትዬ ፀሐይን አንድ ሻይ ብጋብዛት ይበቃኝ ነበር!»