አልጠፋ ያለ ሞተር

«ስንት ቱርቦ ገጥመሃል?» ሲሉኝ «ኧረ ስንቱን» አልኳቸው። ውሸቴን ነበር። ጅቡቲ፣ ካርቲየ አምስት ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ከከፈትኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ቱርቦ ያለውን ሞተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ከፋብሪካው ያለ ቱርቦ በወጣ አሮጌ ሞተር ላይ ግን ቱርቦ ተክዬ አላውቅም ነበር። ያኔ ጉራዬ ከእኔ ቀድሞ ነበር የሚሄደው።

ጠያቂዬ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ናቸው። እንደ አገሩ ልማድ «አዴር» እላቸዋለሁ፤ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው። አማርኛውን ድሬዳዋ ሲመላለሱ ለምደውታል። ሙቀት የበረታበትን ከተሜ ቀዝቀዝ ወዳለችው ተራራማዋ አርታ የሚያወጡት በአንዲት አሮጌ ናፍጣ ላንድክሩዘር ነበር፤ ስድስት ልጆቻቸውን ያሳደገች እሷ ናት። ሰው ሞልቶባት የአርታ ዳገት ላይ ስትደርስ ግን አቅም ያንሳታል። ወጣቶቹ ሾፌሮች ጥለዋቸው ያልፋሉ። ተሳፋሪውም «የሽማግሌው መኪና ዳገት አይወጣም» እያለ ይሸሻቸው ጀመር። ይሄ ነው ያንገበገባቸው። ከአንድ የተፈታ መኪና ላይ የወጣ፣ አየር እየነፋ ለሞተር ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ ገዝተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ።

«ይቺ ሞተር ከሞተች ሌላ የለኝም፣ ልጄ» አሉኝ።

«አያስቡ፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው።

ሁለት ቀን ስቆርጥና ስበይድ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን የቀረኝ የዘይቱ መስመር ብቻ ነበር። ቱርቦ ያለ ዘይት ደቂቃ አይቆይም፤ ዘይቱ ከሞተሩ ይመጣለታል፣ ያለሰልሰዋል፣ ከሥሩ ባለው ቀዳዳ በኩል ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። የዚያን የታችኛውን ቀዳዳ ቱቦ ልገጥም ስል ካምሲን ተነሳ። ያ ነፋስ አሸዋውን ይዞ ሲመጣ ያልተከደነ ነገር አይተርፍም። በዚያው ላይ ሰባት ሰዓት ሆኖ የጫት መኪኖቹ ጡሩንባ ተሰማ። ጅቡቲ የኖረ ያውቀዋል፤ ጫት ሲገባ መፍቻ ከእጅ ይወድቃል። ጫቴን ገዝቼ፣ ከተጠቀለለበት እርጥብ ጆንያ ቁራጭ ቀድጄ ቀዳዳውን ወተፍኩና ለመቃም ገባሁ።

ስመረቅን እጄ የሚሳሳት አይመስለኝም። አሥር ሰዓት ላይ እያፏጨሁ ወጣሁ፣ ቱቦውን ገጠምኩ፣ አጠበቅኩ። ጆንያውን ጭራሽ ረሳሁት።

አዴር ገብተው ሞተሩን አስነሱ። መጀመሪያ ደስ አለን። ቱርቦው ሲዘፍን እሳቸውም በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሳቁልኝ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ መጣ። ጭሱ ወፈረ። ከዚያ ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ በራሱ ድምፁን ከፍ ማድረግ ጀመረ።

«ያጥፉት» አልኳቸው።

ቁልፉን ነቅለው አሳዩኝ። ሞተሩ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ባሰበት። መውረጃ ያጣው ዘይት ወደ አየር መግቢያው አልፎ፣ ሞተሩ ናፍጣውን ትቶ የገዛ ዘይቱን እያነደደ ነበር። እስኪፈነዳ ድረስ አይቆምም። «አራተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሬኑን ይርገጡ፣ ታንቆ ይጠፋል» ብዬ ጮህኩ፤ የሞተሩ ጩኸት ድምፄን ዋጠው፣ አልሰሙኝም። ጎረቤቶቹ ሮጠው ወደ መንገዱ ወጡ። አዴር ግን ከመሪው አልተነቃነቁም። ቁልፉን መልሰው ይከቱታል፣ ያዞሩታል፣ ይነቅሉታል።

መኪና ከምናነሳበት ክሪክ ሥር የምናስገባትን ጣውላ አንስቼ የአየር ማጣሪያውን ቱቦ ገነጠልኩና በባዶው አፍ ላይ ለጠፍኳት። ሞተሩ ጣውላዋን ወደ ውስጥ ሳባት፤ በሁለት እጄ፣ በደረቴም ጭምር ተጫንኳት። አየር አጥቶ አሳለው፣ ተንገጫገጨ፣ ቆመ።

ዝም ሲል ጆሮዬ ይጮህ ነበር። አዴር ወርደው አጠገቤ መጡ፣ እጆቼን ይዘው እያገላበጡ ተቃጥዬ እንደሆነ አዩ።

«አፉ በለኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አሮጊቷን ሩጪ ብዬ አስጨነቅኳት፤ ለጥቂት አንተንም ላስገድልህ ነበር።»

ሊታጠቡ ወደ በርሜሉ ሲሄዱ ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ቱቦ ፈታሁ። ጆንያው በዘይት ርሶ እንደተወተፈ አለ። ጎትቼ አወጣሁትና ኪሴ ከተትኩት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ማንም አላየም፤ ጥፋቱን ራሳቸው ወስደውልኛል።

ፊታቸውን አብሰው ተመለሱና «ቱርቦውን እናውልቀው» አሉ። «ዳገቱም ይቅርብኝ። ወጣቶቹ ይለፉኝ።»

ይሄን መቻል አቃተኝ። ጆንያውን ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። «አዴር፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የመኪናዋም አይደለም። እኔ ነኝ የረሳሁት። ቱርቦም ስተክል ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ጆንያውን አገላብጠው አዩት። የጫት ቅጠል ተጣብቆበት ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። መሬት ላይ አስቀምጠውት ዳግመኛ ሊታጠቡ ሄዱ።

በማግስቱ ጫት ሳልቀምስ ሁሉንም ፈትቼ አጠብኩ፣ ዘይቱን ቀየርኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። ሞተሩ ተርፎ ነበር። አስነሱት፣ አጠፉት፤ ጠፋ። ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረጉ። የእጄን ዋጋ ከፍለው፣ አመስግነው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋን ለዘይት እንኳ ወደ እኔ አላመጧትም። መንገድ ላይ ስንገናኝ እጃቸውን ያነሱልኛል፣ ጤንነቴን ይጠይቁኛል፣ ያልፋሉ። ሰው ሞልታ የአርታን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ እንደወጣች፣ ሁለት ወጣት ሾፌሮችንም ጥላ እንዳለፈች የነገረኝ ሌላ ሾፌር ነው።