«መጥቼ ልንካው»

አጎቴ ከሄይዋርድ እስከ ሳን ሆዜ በየላብራቶሪው የኬሚካል ጭስ ስቦ የሚያወጣውን ሁድ ይጠግኑ ነበር። «ሁዱ በጣም ይጮኻል» ተብሎ ሲደወልላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «በስልክ አይታወቅም፤ መጥቼ ልንካው።» ሄደው መዳፋቸውን ቱቦው ላይ ያሳርፋሉ። የላላ ብሎን ይሁን ያረጀ የፋን ኩሽኔታ፣ ከመንቀጥቀጡ ያውቁታል።

እኔም ደውዬ «ደህና ነኝ» ስል አያምኑም ነበር። «በስልክ አይታወቅም» ብለው ኦክላንድ ቤቴ ድረስ ይመጡና ትከሻዬን ይይዙኛል። እጃቸው ምን ይሰማ እንደነበር ሳልጠይቃቸው መቅረቴ ይቆጨኛል።

ከቀብራቸው በኋላ ስልካቸው እኔ ጋ ሳለ አንድ ደንበኛ ደወለ። «ሁዱ ደግሞ መጮህ ጀመረ፤ ይምጡልን» አለ።

ሳላስበው «በስልክ አይታወቅም» አልኩት። የቀረውን ግን መጨረስ አቃተኝ።