ቅቤ የመሰለው ስኳር ድንች

ኅዳር ጽዮን ዕለት የማኅበሩ ተራ የእኔ ነበር። እዚህ ደብረ ታቦር የእመቤታችንን ጽዋ የምንጠጣ ሴቶች በየወሩ በሃያ አንድ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ያስተናገደችው ጽዋውን ለቀጣዩዋ ተረኛ በእጇ ታስረክባለች፤ ተቀባይዋም ተንበርክካ ትስመዋለች፤ እልል ይባላል። ባሌ ሲሞት ቤቴን የሞሉት እነዚህ ሴቶች ናቸው። እኔም ስሞት ከሬሳዬ አጠገብ የሚያድሩት እነሱ ናቸው። ሌላ ዘመድ እዚህ የለኝም።

ጊዜው ግን ለማስተናገድ አልተመቸኝም። ለእኩል የሰጠሁት መሬት ጤፉ ገና አልተወቃም፤ የአምናው እህል ወደ ማለቁ ደርሷል። ለዳቦው ስንዴ፣ ለስልጆው ባቄላ አላጣሁም፤ ተመስገን። ማዕዱ ግን ሳሳብኝ። ይህንኑ ለልጄ በስልክ ነገርኋት። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ ወደ እብናት ቆላ ተድራ ሄዳለች። መንገዱ አምነው የሚሄዱበት ስላልነበረ ራሷ አልመጣችም፤ እህል በሚጭን መኪና ግማሽ ጆንያ ስኳር ድንች ላከችልኝ።

ስኳር ድንች አውቃለሁ። ገበያችን የሚመጣው ውስጡ ነጭ ነው፤ ሲበስል እንደ ድንች ይፈረፈራል። ይህ ሌላ ዘር ነው። ሐረጉን የግብርና ሠራተኞች ሰጥተዋት በጓሮዋ የተከለችው ነው። ልጣጩን ላየው ከሌላው አይለይም፤ ሲቆርጡት ግን የእንቁላል አስኳል ይመስላል።

«እማ፣ አትቀቅይው፤ ውሃ ያበላሸዋል። ረመጥ ውስጥ ቅበሪው» አለችኝ።

እንዳለችኝ አደረግሁ። ከነልጣጩ አጠብሁት፤ አደረቅሁት። ዳቦው ከወጣ በኋላ በቀረው የባሕር ዛፍ ረመጥ ውስጥ ቀበርሁት። መጣደፍ አይወድም። ልጣጩ እየተሸበሸበ ይመጣና በስንጥቁ ማር የመሰለ ነገር ወጥቶ ይጠቁራል፤ ያኔ በስሏል ማለት ነው። አመዱን አራግፌ ለሁለት ለሁለት ሰነጠቅሁት፤ ጨውና ሚጥሚጣ ነሰነስሁበት። ሌላ የጨመርሁበት ነገር የለም። ውስጡ ርሶ ያብለጨልጭ ነበር። ሰዓቱ ስላልደረሰ አልቀመስሁትም። ልጄን ግን መረቅኋት።

ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም መጡ። የነፍስ አባታችን ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ቆረሱ። ስኳር ድንቹን ከስልጆው ጎን አቀረብሁ። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት አሮጊት ሳህኑን አንሥተው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት።

«ይኼ ምንድን ነው፣ እቴ?»

«ስኳር ድንች ነው፣ እማማ።»

«ስኳር ድንችማ አውቃለሁ፤ ነጭ ነው። ይኼ ቅቤ ጠጥቶ ነው እንዲህ ያማረበት።»

«ላሟ ወልዳላት የለ! የት ታድርሰው?» አለች ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት። ተሳቀ። ላሜ በጥቅምት ወልዳለች፤ ቅቤውን ለገና ብዬ በቅል እያጠራቀምሁ እንደሆነ የማያውቅ ጎረቤት የለም።

«ቅቤ የለበትም። ዘሩ ነው እንዲህ የሆነው» አልሁ።

«ቅቤ የሚያፈራ ዘር!» አሉ አሮጊቷ። «እኛ ታዲያ እስከ ዛሬ በከንቱ ላም ስናልብ ኖርን?»

እንደገና ተሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ግን ወደ ሳህኑ የሚዘረጋ እጅ አልነበረም። ወደ ነፍስ አባቴ ዞርሁ።

«አባ፣ እርስዎ ይቅመሱት።»

«ልጄ፣ ብቀምሰውና ቅቤ ቢሆንስ? በነቢያት ጾም፣ በእመቤታችን ቀን?»

ቅቤ አለመሆኑ የሚታወቀው ሲቀመስ ነው፤ ሊቀምሰው የሚደፍር ጾመኛ ደግሞ የለም። ጥሬውን ላሳያቸው ብዬ ጓዳ ገባሁ። ለካ ለሰው እንዳያንስ ብዬ አንድ ሳላስቀር ጠብሼዋለሁ። ተመልሼ ከሳህኑ አንዱን አነሣሁና በፊታቸው በላሁት።

«ይኸው፣ ጭራሽ በላችው!» አለች ያቺው ሴት።

«እስቲ በማርያም በይና እንመንሽ» አሉ አሮጊቷ።

አልማልሁም። ጌታ አትማሉ ብሏል። ልጅ ሲሞትብኝም ሆነ ድንበር ሲገፉኝ የእመቤቴን ስም ለመሐላ አንሥቼ አላውቅም፤ በስኳር ድንች አልጀምርም። «ቃሌን ሰጥቻለሁ» አልሁ። አለመማሌ የባሰ ጥፋተኛ አስመሰለኝ።

ቀጣዩዋ ተረኛ አበልጄ ነበረች። ልጄን ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት። ጓዳዬን ከእኔ እኩል ታውቀዋለች፤ በጾም የምበላበት ዕቃ ከፍስኩ ጋር እንደማይታጠብ ታውቃለች። «ተዉ፣ እኔ አውቃታለሁ» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ሁሉም ለመሄድ ሲነሡ ጽዋውን ይዤ ወደ እሷ ሄድሁ። ነጠላዋን ሰበሰበች እንጂ እጇን አልዘረጋችም።

«ጽዋውን አባ ይቀበሏትና ከእርሳቸው እጅ ልውሰድ» አለች፣ እኔን ሳታይ።

እሳቸውም ጥቂት አመነቱ። ከዚያ ከእጄ ተቀብለው ሰጧት። ተንበርክካ ሳመችው። እልል ተባለ።

በማግሥቱ ልጄ ደወለች።

«እማ፣ ወደዱት?»

«እኔ ወደድሁት። እጅሽ ይባረክ።»

«አንቺንማ መች አጣሁሽ! የክርስትና እናቴስ?»

«እሷ ጽዋ መቀበል ነበረባት፤ ሳትቀምሰው ሄደች» አልኋት። ሌላ አልነገርኋትም።

የተረፈውን እስኪያልቅ ድረስ ብቻዬን በላሁት። በነጋታው ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይጣፍጣል። በእያንዳንዱ ጉርሻ እግዚአብሔርን አመሰግነው ነበር፤ የምትልክልኝ ልጅ ሰጥቶኛልና።

ታኅሣሥ እንደገባ ከገበያ መልስ አበልጄ መጣች። እየሮጠች ሳይሆን አይቀርም፤ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ የተጠበሰ ስኳር ድንች አሳየችኝ። ውስጡ እንደ አስኳል ነው።

«አበልጄ! ከእብናት ያመጡት ገበያ ላይ አገኘሁት። አንዱ ተሰብሮ ውስጡ ሲታየኝ ደነገጥሁ። ገዝቼ ቤቴ ጠበስሁት። ቅቤ የለውም!»

«አውቃለሁ» አልኋት።

«ያ የሚያብለጨልጨው ከራሱ ነው የሚወጣ!»

«አውቃለሁ።»

አለቀሰች። እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኋት። ይቅር አልኋት፤ ከልቤ ነው። ዳሩ ግን እኔን ለማመን ስኳር ድንቹን መቅመስ ነበረባት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ልቤ እንደ ድሮው አልሆነም።

«በሃያ አንድ ሁሉም ባሉበት እናገራለሁ» አለችኝ። «አሮጊቷ ይስሙ፣ አባም ይስሙ።»

በሃያ አንድ ወደ ቤቷ ሄድሁ። ቀርቤ ከነፍስ አባቴ አጠገብ እንድቀመጥ አደረገችኝ። ዳቦው ተቆረሰ። የሽምብራ ንፍሮ ቀረበ። አሮጊቷ አንዲት ፍሬ በጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙና፦

«ይኼስ፣ አበልጅሽ ጋ የበቀለ አይደለም አይደል?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አበልጄም ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ከዓይኔ ጋር ተገናኘ፤ አቀረቀረች። አሁን ትናገራለች አልሁ። ንፍሮው ይጨመር እንደሆነ ጠየቀች።

አልፈረድሁባትም። ብትናገር አሮጊቷን ልታሳፍር ነው፤ አባን ልታሳፍር ነው፤ ራሷንም። እኔ አፍሬ አልቄያለሁ፤ ለእኔ አዲስ አይሆንብኝም ብላ ይሆናል። እኔም ራሴን ነጻ ላውጣ ብዬ የእሷን ዕንባ በሰው ፊት ማንሣት ከበደኝ።

ጽዋው መዞር ጀመረ። ሁላችንም የምንጠጣው ከአንድ ጽዋ ነው፤ ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ ያልፋል። ደረሰኝ፤ አማትቤ ጠጣሁና ለቀጣዩዋ ሰጠሁ። በነጠላዋ ጫፍ እኔ የጠጣሁበትን ጠርጋ ጠጣች። ከእኔ በፊት የነበሩት ሲጠጡ ማንም አልጠረገም። አበልጄ ቆማ ታይ ነበር።

ጽዋውን የጠረገችው ሴትዮ ክፉ አይደለችም፤ ያደረገችውን ልብ ያለችውም አይመስለኝም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤና ሰጥቶኛል፤ አሁንም በየወሩ እሄዳለሁ። ጽዋውን ጠጥቼ ካሳለፍሁ በኋላ ግን ቀና ብዬ አላይም።